ስምንቱ ጨርቆች

«ማን ነው ይሄን የሠራው?» አለ አባቷ ከደጅ።

ልጅቷ የሒሳብ ደብተሯን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ ነበር። እርሳሱ ከእጇ ወደቀ። «እኔ አይደለሁም!» ብላ ከወንበሯ ብድግ አለች። «አጥቤያቸዋለሁ እኮ! በደንብ ነው ያጠብኳቸው!»

የአባቷ ጭንቅላት በበሩ ብቅ አለ። ቦት ጫማው እስከ ቁርጭምጭሚቱ ጭቃ ነው። በእጁ የግቢውን የውሃ ጎማ ይዟል፤ ጫፉ ገና ይንጠባጠባል።

«ምኖቹን ነው ያጠብሻቸው?»

የቦት ጫማውን ጭቃ አየች።

«እኔ የጠየቅኩት ቧንቧውን ከፍቶ የሄደው ማን ነው ብዬ ነው። ግቢው ሐይቅ ሆኗል። የቀረን ዳክዬ ብቻ ነው።»

ሁለት ቀን ሙሉ በልቧ ስታጠናው የከረመችውን መልስ፣ ማንም ላልጠየቃት ጥያቄ አወጣችው። አባቷ «ቁንጫ» የሚላት ትንሽ ስለሆነች ብቻ ሳይሆን አንድ ቦታ ተቀምጣ ስለማታውቅ ነው። አሥራ አምስት ዓመት ሊሞላት ሁለት ወር ቀርቷታል፤ ስሙ ግን አልለቀቃትም። በዚያ ሰኞ ከሰዓት በኋላ ቁንጫዋ እንደ ቆመች ቀረች።

አባቷ ጎማውን ደጅ ጣለና ገባ። «ቁንጫ» አለ፤ ድምፁ ዝቅ ብሏል። «ምኖቹን?»

«ጨርቆቹን።»

ከመንገዱ በታች ባለው የቆርቆሮ ቤት ውስጥ ስድስት ቤተሰብ በጋራ የሚጠቀምበት የፖም መጭመቂያ አለ። የማንኛቸውም እርሻ ትልቅ አይደለም፤ ትልቅ የሚባለው ሰማንያ ዛፍ አለው፣ ትንሹ ሃያ። ሥራው እንዲህ ነው፦ ፖሙ ይታጠባል፣ በሞተር መፍጫ ይፈጫል። የተፈጨው ወፍራም ጨርቅ ላይ ይገለበጥና ጨርቁ በአራት በኩል እንደ ፖስታ ይታጠፋል። በላዩ የእንጨት ርብራብ፣ በርብራቡ ላይ ሌላ ጨርቅ፣ እንዲህ እየተባለ ስምንት ይደረደራል። ከዚያ የመኪና ክሪክ የመሰለው ማንሻ ቁልሉን ከታች ሲገፋው ጭማቂው በየጎኑ መውረድ ይጀምራል። እሱን አፍልቶ በጠርሙስ ማሸግ ነው።

ታዲያ ማሽኑ ብረት ነው፤ አንዴ ውሃ ካፈሰሱበት በቃ። ጣዕሙን የሚወስኑት ጨርቆቹ ናቸው። በክሩ መሃል የተሰነቀረች ትንሽ የፖም ቅሪት ካደረች ትሸታለች። የሸተተ ጨርቅ ደግሞ በውስጡ ያለፈውን ጭማቂ ሁሉ የእርጥብ ጓዳ ሽታ ያሲዘዋል፤ ቢያፈሉት አይለቅ፣ ቢያሽጉት አይለቅ።

ስለዚህ ሕግ አለ። የጨመቀ ሰው በዚያው ቀን ጨርቆቹን ያጥባል፣ ይቀቅላል፣ ፀሐይ ላይ ያሰጣል። የሚያጥበው ለራሱ አይደለም፤ ከእሱ ቀጥሎ ተራ ለያዘው ነው። ከስድስቱ ቤት ማንም ራሱ ባጠበው ጨርቅ ጨምቆ አያውቅም። ይህ ግድግዳው ላይ ተጽፏል፤ የጻፈውም የቤቱ ቁልፍ ያዥ የሆነው አባቷ ነው። ያልተጻፈው ሕግ ግን ከተጻፈው ይበልጥ ይከበራል፦ የታጠበልህን ጨርቅ አታሸትም። ማሽተት ማለት ጎረቤትን ፊት ለፊት «ቆሻሻ» ብሎ መስደብ ነው። አንድ ጊዜ ከስድስቱ ቤት የአንዱ፣ የአናጢው፣ አማች ሳያውቅ ጨርቅ ወደ አፍንጫው አስጠጋ፤ ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ሙሉ በዚያ ሰፈር ሰላም ይለው የነበረው የአናጢው ውሻ ብቻ ነው።

የቁንጫ ቤተሰብ ተራ ባለፈው ሐሙስ ነበር። ጨርቆቹን ማጠብ የእሷ ድርሻ ነው። በጎማ ውሃ ለቅለቅ አደረገቻቸውና የመቀቀያው በርሜል እስኪፈላ ብላ ባልዲ ውስጥ ከተተቻቸው። ዝንብ እንዳይገባ ክዳኑን ገጠመችው። በማግስቱ የሒሳብ ፈተና ነበረባት። «አንድ ጥያቄ ብቻ ልሥራ» አለችና ወደ ቤት ሄደች። አንዷ ጥያቄ ሃያ ወለደች። አርብ ተፈተነች፤ ፈተናው ስለቀናት ከክፍል ጓደኞቿ ጋር ኳስ ስትራገጥ ዋለች። ባልዲው ትዝ ያላት ቅዳሜ ጠዋት፣ የላይ ቤቷ እትዬ የእጅ ጋሪያቸውን እየጎተቱ ቁልቁለቱን ሲወርዱ የጎማው ሲጢጥታ ሲሰማት ነው።

የላይ ቤቷ እትዬ የሚባሉት ቤታቸው ከሁሉም በላይ፣ ከዳገቱ ጫፍ ላይ ስላለ ነው። ባላቸው ከሞተ ስድስት ዓመት ሆኗል። ልጆቻቸው ርቀዋል። ሃያ ሦስት ዛፋቸውን ብቻቸውን ይገርዛሉ፣ ብቻቸውን ይለቅማሉ።

ቁንጫ በአቋራጭ ሮጣ ቀደመቻቸው። ክዳኑን ስታነሣ ሽታው እንደ ሰው ወጥቶ ተቀበላት። ሦስት ጊዜ አለቀለቀች፣ ጨመቀች፣ አራገፈች፣ ሰቀለች። እትዬ ሲደርሱ ጨርቆቹ ገና ውሃ ያንጠባጥባሉ።

«አልደረቁም እንዴ?» አሉ እትዬ።

«ዛሬ ጠዋት ደግሜ አጥቤያቸው ነው። ይበልጥ እንዲጸዱ ብዬ።»

«ተባረኪ የኔ ልጅ።» እትዬ አንዱን ጨርቅ በጣታቸው ዳበስ አድርገው ርብራቡ ላይ አነጠፉት። ወደ አፍንጫቸው አላስጠጉትም። ባለጌ አይደሉማ።

ጭማቂው ሲወርድ የመጀመሪያዋን ብርጭቆ የሚጠጣው ቀጣዩ ተረኛ ነው። ቀጣዩ ተረኛ ደግሞ ሾፌሩ ነበር፤ የስድስቱንም ቤት ጠርሙስ በመኪናው ጭኖ ለሱቅ የሚያደርስላቸው እሱ ነው። ብርጭቆውን ወደ ብርሃን ከፍ አደረገ፣ ፈገግ አለ፣ ተጎነጨ፣ በበሩ በኩል ተፋው።

«ይሄ ከመሬት የተለቀመ ነው!» አለ።

የወደቀ ፖም መጨመቅ በዚያ ቤት ትልቁ ነውር ነው። ከመሬት የተነሣ ፖም አፈር ነክቶታል፣ ተቀጥቅጧል፣ ውስጡ ሻግቶ ሊሆን ይችላል። ለመቅመስ የተሰበሰቡት ጎረቤቶች እርስ በርስ ተያዩ። እትዬ ባልቴት ናቸው፣ ብቻቸውን ናቸው፣ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፣ መሰላል መውጣት አቅቷቸው ይሆናል። ነገሩ ለሁሉም ግልጽ ሆነ። የእትዬ የዚያን ቀን ሥራ በሙሉ፣ ባልዲ በባልዲ፣ ቦይ ውስጥ ተደፋ። ቁንጫ ባዶ ጠርሙስ በእጇ ይዛ ጥግ ላይ ቆማ አየች።

ይህን ሁሉ ሰኞ ዕለት ለአባቷ ነገረችው። እያለቀሰች አልነበረም፤ አፍንጫዋ ብቻ አስቸገራት። አባቷ እስኪያልቅ ሰማ። ተነሥቶ በሩን ዘጋ።

«ለማን ነገርሽ?»

«ለማንም።»

«ጥሩ» አለ። ትንሽ አሰበና ጸጉሯን ነካ አደረጋት። «ነገ ስብሰባ አለ። እኔ አስተካክለዋለሁ። አንቺ ብቻ አፍሽን ያዢ።»

ከደረቷ ላይ አንድ ጆንያ የወረደላት መሰላት። አባቷ «አስተካክለዋለሁ» ካለ ያስተካክላል፤ የተሰበረ አጥር፣ የቆመ ሞተር፣ የተጣላ ጎረቤት ሁሉ በእሱ እጅ ሲስተካከል ነው ያደገችው። ሒሳቡ እንኳ ቀለላት።

ማክሰኞ ከትምህርት ቤት ስትመለስ በቀጥታ ወደ ቆርቆሮው ቤት ሄደች። ጠርሙስ ማጠብ አለብኝ አለች እንጂ፣ እውነቱን ለመናገር የመጣችው አባቷ ሲያስተካክለው ለማየት ነው። ሰዎቹ የፖም ሣጥን ገልብጠው ተቀምጠዋል። እትዬ አልተቀመጡም። እጃቸውን የሹራባቸው ኪስ ውስጥ ከተው መፍጫው አጠገብ ቆመዋል።

«እትዬ፣ እኛ እርስዎን ለመንካት አይደለም» አለ ሾፌሩ። «ሱቁ የስድስታችንን በአንድ ስም ነው የሚሸጠው። የአንዳችን ሲበላሽ የሁላችንም ተበላሸ ማለት ነው።»

«ከመሬት አላነሣሁም።»

«ጉልበትዎን እንደሚያምዎ እናውቃለን…»

«መሰላል ስወጣ ያመኛል። ስጎነበስ ደግሞ ይብስብኛል። ከመሬት ለመልቀም መጎንበስ አለ አይደል፣ ልጄ?»

አናጢው ሳቀ። ሌላ የሳቀ ሰው ስላጣ ሳቁን ወደ ሳል ለወጠው።

«እሺ፣ ታዲያ ሽታው ከየት መጣ?» አለ ሾፌሩ። የጠየቀው ለክፋት አልነበረም፤ የምሩን ነው። ዙሪያውን ተመለከተ። «አንድ ሰው ይንገረኝ። ከየት መጣ?»

እትዬ አንድ ጊዜ ገመዱ ላይ የተሰጡትን ጨርቆች አዩ፣ አንድ ጊዜ ቁንጫን አዩ፣ ከዚያ የጫማቸውን ጫፍ። ስለ ጨርቅ ቢናገሩ አሸተትኩ ማለት ነው።

ቁንጫ አባቷን አየች። አባቷ ጉሮሮውን ጠረገ። በቃ፣ አሁን ነው አለች በልቧ። እጇ የያዘችውን ጠርሙስ አጥብቆ ጨበጠው።

«ማሽኑ ምንም ችግር የለበትም» አለ አባቷ። «ራሴ ፈትሼዋለሁ።»

ቃል በቃል ከተወሰደ ውሸት አልነበረም። ማሽኑ በእርግጥ ምንም ችግር አልነበረበትም።

«እንግዲያስ» አለ ሾፌሩ፤ ደስ እንዳላለው ፊቱ ይናገራል። «ለዘንድሮ ተራ አይሰጣቸው የምትሉ እጃችሁን አውጡ።»

የሾፌሩ እጅ ወጣ። የአናጢው እጅ እየተጎተተ ወጣ። የሌሎቹም የሁለቱ ወጣ። የአባቷ እጅ የወጣው እስከ ጆሮው ድረስ ብቻ ነው፤ ጆሮውን ሊያክ ነው ቢባል ያስኬዳል። ግን ወጣ። ተቆጠረም።

እትዬ እጃቸውን ከኪሳቸው አወጡ። «እንግዲህ ደህና ዋሉ» አሉ፤ እንደ ሌላ ቀን። ባዶውን ጋሪያቸውን ይዘው ወጡ። ሲጢጥታው እስከ ዳገቱ ግማሽ ድረስ ይሰማ ነበር።

ቤት ሲገቡ እናቷ ማዕዱን አቅርባ ነበር። ቁንጫ አልተቀመጠችም።

«አስተካክለዋለሁ አላልከኝም?»

«አስተካከልኩት።»

«እሳቸውን በማባረር?»

«ለዘንድሮ ነው። ለከርሞ ይመለሳሉ።»

«ፖማቸውስ አባዬ? እሱም ለከርሞ ይቆያል?»

አባቷ ማንኪያውን አስቀመጠ። «ስሚኝ፣ ቁንጫ። ቁልፉን የያዝኩት እኔ። ሕጉን የጻፍኩት እኔ። ጨርቁን ያበላሸችው የእኔ ልጅ። ይሄ ሲሰማ ምን የሚሆን ይመስልሻል? ሁሉም ማሽተት ይጀምራል። ዛሬ የእኛን፣ ነገ የአናጢውን፣ ከነገ ወዲያ የሾፌሩን። መሽተት አለመሽተቱ አይደለም ነገሩ፤ አንዴ ማሽተት ከተጀመረ ያ ቤት በወሩ ይዘጋል። አሥራ አንድ ዓመት የለፋሁበት ቤት ነው።»

«እሳቸውስ?»

«እሳቸው አንድ ሰው ናቸው።» ብሎ፣ አፉ ውስጥ የቀረበትን ነገር ሊያወርድ ይመስል ውሃውን አነሣ።

እናቷ ሳህን እያነሣች ነበር። «ይቺ ልጅ ስትወለድ» አለች ወደ ማንም ሳትመለከት፣ «ዝናቡ መንገዱን ዘግቶት፣ አዋላጇ እስክትደርስ እጄን ይዘውኝ የነበሩት እሳቸው ናቸው።»

«እሱን አሁን ምን አመጣው?»

«ምንም። እንዲያው ትዝ አለኝ።»

ቁንጫ ሳትበላ ክፍሏ ገባች። የከፋት አባቷ ስለተቆጣ አልነበረም፤ አልተቆጣም። አንድ ጊዜ እንኳ «ለምን ዋሸሽ?» አላላትም። የከፋት ያ ነው።

ረቡዕ በዕረፍት ሰዓት ለዴስክ ጓደኛዋ ነካ ነካ አደረገችላት። ጓደኛዋ «ሬዲዮ» ነው የምትባለው፤ ለምን እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልግም። ስለዚህ ስለ አንዲት የማታውቃት ልጅ አድርጋ አወራቻት።

«አታካብጂ በናትሽ!» አለች ሬዲዮ። «አባቷ ራሱ ዝም በዪ ካላት ተገላገለች ማለት ነው። የእኔ አባት እንደዚያ ቢሆን በደስታ ነበር የምጨፍረው።»

«ሴትዮዋስ?»

«ምን ትሆናለች? ትልቅ ሰው አይደለች? ትለምደዋለች።»

«ምኑን?»

ሬዲዮ አፏን ከፈተች፤ ምንም አልወጣም። ለመጀመሪያ ጊዜ ሬዲዮው ጣቢያ አጣ። «ቀሽም ጥያቄ ነው የምትጠይቂው» አለች በመጨረሻ፤ ደወሉም ተደወለ።

ከትምህርት ቤት መልስ ቁንጫ ወደ ቤት አልታጠፈችም። ዳገቱን ወጣች።

እትዬ ግቢያቸው ውስጥ ዝቅ ያለች በርጩማ ላይ ተቀምጠው፣ በእጅ የሚዞር አሮጌ መጭመቂያ ያዞራሉ። ከእንጨት በርሜሉ ግርጌ የሚወርደው ጭማቂ ወርቅማ አልነበረም። ጥቁር ነው፤ የቀለም ብልቃጥ የተደፋበት ይመስላል። ከጀርባቸው የፖም ሣጥን በሣጥን ላይ ተቆልሏል። ከዛፎቹ ግማሹ ገና አልተለቀመም።

«ነይ፣ ቅመሺ» አሉና ብርጭቆ ሰጧት።

ቀመሰች። ፊቷን ላለማጨማደድ ታገለች።

«ሚስማር እንደ መጥባት ነው አይደል? ግድ የለም፣ አትፈሪ፣ እኔም አልወደድኩትም። ባለቤቴ በሕይወት እያለ ብረቱን በየዓመቱ ቀለም ይቀባው ነበር። ብረቱ ሲራቆት ጭማቂው ይጠቁራል። ላሞች እንኳ አይጠጡትም፤ ትናንት ለጎረቤት ላም ሰጥቻት አኮረፈችኝ።»

ቁንጫ ብርጭቆውን መሬት ላይ አስቀመጠች። ዳገቱን ስትወጣ ያዘጋጀችው ረጅም ንግግር ነበር፤ መግቢያ ሁሉ ነበረው። ጠፋባት።

«እትዬ፣ እኔ ነኝ። ጨርቆቹን ባልዲ ውስጥ ከድኜ ሁለት ቀን ረሳኋቸው። ሲጠይቁኝም ዋሸሁዎት።»

እትዬ ማዞራቸውን አላቆሙም። «አውቃለሁ።»

«ያውቃሉ?»

«ቤት ገብቼ እጄን ስታጠብ ሸተተኝ። የሰው ጨርቅ ማሽተት ነው እንጂ የራሴን እጅ ማሽተት አልተከለከልኩ።»

«ታዲያ ስብሰባው ላይ ለምን አልተናገሩም?»

አሁን ቆሙ። እጃቸውን በሽርጣቸው ጠረጉ። «ምን ብዬ? የቁልፍ ያዡ ልጅ አበላሸችብኝ ብዬ? አምስት እጅ ሊወጣብኝ በተዘጋጀበት ቤት? ማምለጫ ፈለገች ነበር የምባለው።» ከሽርጣቸው ላይ የፖም ልጣጭ አራገፉ። «ደግሞም አባትሽ እዚያ ተቀምጦ ነበር። ፊቱን ሳየው የሚያውቅ መሰለኝ። ይናገራል ብዬ ጠበቅኩ።»

ቁንጫ «ይቅር ይበሉኝ» አለች።

«እሺ፣ ይቅር ብዬሻለሁ።» እትዬ መጭመቂያቸውን እንደገና ያዙ። «ቀለለሽ?»

ልትዋሽ አልፈለገችም። «ትንሽ።»

«ለእኔ ምንም አልቀለለኝም። እነዚህም» አሉ ሣጥኖቹን በአገጫቸው እያሳዩ፣ «ይቅርታ አይገባቸውም። በሁለት ሳምንት ውስጥ ይበሰብሳሉ። የኔ ልጅ፣ የነገርሽኝ እኔ የማውቀውን ነው። የማያውቁት እታች ናቸው።»

ሐሙስ የአናጢው ተራ ነበር። ቁንጫ ቦርሳዋን እንዳዘለች የቆርቆሮው ቤት በር ላይ ቆመች። መፍጫው ይጮኻል። አናጢው ጨርቅ እያነጠፈ የተፈጨውን ይገለብጣል፣ ያጥፋል። ሾፌሩ ጠርሙስ ይቆጥራል። አባቷ ከማንሻው አጠገብ ቆሞ የብረቱን እጀታ ይሞክራል። ከእነሱ ሌላ ሁለት ሰዎች ፖም እያጠቡ ነው። የጣፋጩ ፖም ሽታ እስከ መንገዱ ይደርሳል። ጥሩ ሽታ ነው፤ ሌላ ጊዜ ቢሆን ትሮጥ ነበር።

«ቁንጫ መጣች!» ብሎ ጮኸ አናጢው በሞተሩ ድምፅ ላይ። «እግራችሁን ሰብስቡ፣ ትነክሳለች!»

በዚያ ጩኸት ውስጥ ማንም ማንንም በደንብ አይሰማም። ቁንጫ ለአንድ አፍታ ይህ አስደሰታት። እዚያው ቆማ ብትናገረው፣ ተናግሬያለሁ ማለት ትችላለች፤ ማንም አልሰማም ማለትም ይቻላል። አባቷ አያት። ፊቷን ያነብበዋል፣ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ያነብበዋል። በጣም በቀስታ፣ ሌላው ሰው እንዳያይ፣ ጭንቅላቱን ግራና ቀኝ ነቀነቀ።

ቦርሳዋን አወረደች። በሰዎቹ መሃል አልፋ ግድግዳው ላይ ያለውን የመፍጫውን ማብሪያ ወደ ታች ጎተተችው።

ሞተሩ አቃሰተና ቆመ።

«ማን ነው ያጠፋው?» አለ ሾፌሩ ከጠርሙሶቹ ቀና ብሎ።

«እኔ ነኝ።» ድምጿ ከጠበቀችው በላይ ቀጭን ሆነ። «ጋሼ፣ ስብሰባው ላይ ሽታው ከየት መጣ ብለው ጠይቀው ነበር።»

«አዎ?»

«ከእኔ ነው የመጣው። ከጨርቆቹ። ባለፈው ሐሙስ ሳልቀቅላቸው ባልዲ ውስጥ ከድኜ እስከ ቅዳሜ ረሳኋቸው። ሸተው ነበር። ቅዳሜ ጠዋት በቀዝቃዛ ውሃ አለቅልቄ ለእትዬ ሰጠኋቸው፤ ሲጠይቁኝም ጸድተዋል አልኳቸው። የእትዬ ፖም ንጹሕ ነው። አንድም ከመሬት አላነሡም።»

ውሃ ውስጥ እጁን የከተተው ሰው እጁን ሳያወጣ ቀረ። አናጢው የያዘውን ጨርቅ ተመለከተ። በላዩ ላይ የዓመቱ ምርጥ ፖሙ ተፈጭቶ ተቀምጧል። ጨርቁን የማጠፍም ያለማጠፍም ልብ አጣ፤ አፍንጫውን ወደዚያ ላለማስጠጋት እንዴት እንደሚታገል ለሁሉም ይታያል።

ሾፌሩ ኮፍያውን አወለቀ። ኮፍያውን በእጁ አዙሮ አዙሮ ካየው በኋላ መልሶ አደረገው።

«ባልዲ በባልዲ ነው ያስደፋኋቸው» አለ ለራሱ። «በዚህ እጄ።»

ከማንሻው ሥር የተጠራቀመው ጭማቂ ጠብ ጠብ ይላል። ሾፌሩ ቁንጫን ትቶ በትከሻዋ በላይ ወደ ኋላ ተመለከተ፤ ወደ አባቷ። ሲናገር ግን የተናገረው ለእሷ ነው።

«አባትሽ ይሄን ያውቃል?»

«አያውቅም» የሚለው ቃል ምላሷ ላይ ተቀምጦ ነበር። አጭር ነው፣ ቀላል ነው። አንዴ ቢወጣ ሁሉም ወደየሥራው ይመለሳል፤ ጥፋቱ የአንዲት ዝርክርክ ልጅ ይሆናል፤ ቁልፉም በባለቤቱ እጅ ይቀራል። አባቷም ከእሷ ጋር ወደ ቤት ይሄዳል። ምናልባትም በመንገድ ላይ ጸጉሯን ይነካታል።

የራሷን ተናግራለች። ስለ እሱ መዋሸትም፣ የእሱን መናገርም የእሷ ድርሻ አይደለም። አፏን ዘጋች፤ ዓይኗን ግን ከአባቷ ላይ አላነሣችም።

አባቷ ከኪሱ ቁራጭ ጨርቅ አውጥቶ እጁን መጥረግ ጀመረ። መጀመሪያ አውራ ጣቱን፣ ከዚያ ሌባ ጣቱን፣ ከዚያ ሌሎቹን እያንዳንዳቸውን፤ ምንም ያልነካውን እጅ። አልቸኮለም። ሲጨርስ ጨርቁን አጣጥፎ ኪሱ ከተተ። ቀና አላለም።

«ከሰኞ ጀምሮ አውቃለሁ» አለ።